«ሰክሯል» የተባልኩበት ግምገማ

በዚያ ስብሰባ ላይ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ቦንጋ ገበያ መሐል ሲያገኙኝ እጄን ይጨብጡና፣ ግራ እጄን ማለቴ ነው፣ «ይመር፣ ያኔ እኮ አላወቅንም» ይሉኛል። እኔም በተጎተተ አንደበቴ «አዎ፣ አላወቃችሁም» ብዬ አልፋለሁ። ውስጤ ግን ይቃጠላል። የሚያቃጥለኝ አለማወቃቸው አይደለም፤ እኔም አላወቅኩም ነበር። የሚያቃጥለኝ የማያውቁትን እናውቃለን ብለው መፍረዳቸው፣ ፈርደውም መሳቃቸው ነው። ይህን የምጽፈው ንዴቴ በርዶልኝ እንዳይመስላችሁ። አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግም።

ትውልዴ ወሎ ነው። ወደ ካፋ የመጣሁት ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በሥራ ምደባ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ትንሽ ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ሳልጠይቅ ቀረሁ። መጀመሪያ አገሩ ያዘኝ፤ ቀጥሎ አስቴር ያዘችኝ። አስቴር የቦንጋ ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። አገባኋት፣ ወለድን፣ ቤት ሠራን፤ በዚያው ቀረሁ።

ሥራዬ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ማደራጀት ነበር። ቢሮ ውስጥ የምቀመጥበት ቀን ጥቂት ነው። አንድ ሳምንት ማንኪራ ከቡና ለቃሚዎች ጋር፣ ሌላ ሳምንት ደካ ከንብ አርቢዎች ጋር ነኝ። መኪና የማይገባበትን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ቢደርስም እሄዳለሁ። ሥጋ የሌለኝ ቀጭን ሰው ነበርኩ። የቢሮ ልጆች «ይመር ነፋስ እንዳይወስደው ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ክተቱለት» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ወገቤን አሞኝ ጤና ጣቢያ ብሄድ ነርሷ ክንዴን አሰረችና ለካችኝ። ፊቷ ተለወጠ። ደግማ ለካችኝ።

«ጋሼ፣ ደም ግፊት አለብዎት።»

«እኔ? ወገቤን ነው ያመመኝ።»

«ወገብዎ ሌላ ነው። ይኼ ከፍ ብሏል። መድኃኒት እጽፍልዎታለሁ፤ ሁልጊዜ የሚወሰድ ነው። ጨው ይቀንሱ፣ ሲጋራም ካለ ይተዉ።»

መድኃኒቱን ገዝቼ ወሰድኩ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንተ! ደም ብዛት የባለሀብት በሽታ ነው፤ ቦርጭ የሌለው ሰው ምን ቤት አለው?» አሉኝ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ፣ ሌላው የሽፈራው ቅጠል አዘዘልኝ። ኪኒኑ ሲያልቅ መድኃኒት ቤቱ «የለም፣ ሌላ ጊዜ ተመለስ» አለኝ። አልተመለስኩም። ለምን እመለሳለሁ? ምንም አላመመኝም። ዳገት እወጣለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሲጋራዬንም አልተውኩም፤ ደኑ ውስጥ ለብርድ ጥሩ ነው እል ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልለካኝም፤ እኔም ማንንም ለካኝ አላልኩም። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

አንድ ጊዜ ለመስክ ሥራ ደካ ሄድን። ከእኔ ጋር የነበረችው ብርሃነሽ ናት። ብርሃነሽ የመሥሪያ ቤታችን የገበያ ጥናት ባለሙያ፣ የካፋ ልጅ፣ ያሰበችውን ሳትናገር የማታድር ሴት ናት። የማር አምራቾቹ ሊቀ መንበር ቤት ተቀምጠን፣ ጠጅ ተቀድቶልን፣ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር። እስክሪብቶው በድንገት ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። «እስክሪብቶዬን አቀብሉኝ» ልል ብዬ ምላሴ ተሳሰረ። ሰዎቹ ተያዩ። ብርሃነሽ ብርሌውን አየች፣ እኔን አየች። ብርሌው ሙሉ ነበር፤ አልነካሁትም። እሷ ግን ሁለተኛው ነው ብላ አሰበች።

ሰዉ ምን ሆነ ብሎ ሳይጨርስ ጣቶቼም ምላሴም ተመለሱ። «ደክሞኝ ነው» አልኩ። መኪና ውስጥ ብርሃነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ደክሞኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አሁን ሳስበው ያ ሰውነቴ ጮኾ የነገረኝ ቀን ነበር። ማን ይስማው?

ብዙም ሳይቆይ ግምገማው መጣ። ያንን ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፈ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ አያጣውም። ላላየው ልንገረው። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይገባል። ሰብሳቢው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ተራህ ሲደርስ ትነሣለህ፤ ጓደኞችህ ሂስ ያወርዱብሃል፤ አንተ ግለ ሂስ ታደርጋለህ። ሂሱን ከተቀበልክ ጥፋተኛ ነህ። ካልተቀበልክ ደግሞ «የአመለካከት ችግር» አለብህ። በመጨረሻ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ይሰጥሃል። ሐ የተሰጠው ሰው ቤቱን ይጠብቅ።

የእኛ ኃላፊ አቶ ጌታሁን ይባላል፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ እውነተኛውን ለመጻፍ ግራ እጄ እንኳን ይጸየፈዋል። በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያንሳል። በሥራ ቀን «እርስዎ» ይለኛል። አዳራሽ ሲገባ ግን ሁሉም «ጓድ» ሁሉም «አንተ» ነው።

ተራዬ የደረሰው በመጨረሻው ቀን፣ ከሻይ ዕረፍት በፊት ነበር። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ከብዶኝ ነበር፤ በእንቅልፍ እጦት አሳበብኩ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ «ጓድ ይመር ትምክህት አለበት፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ይመስለዋል» አለ። ሁለተኛው «ለሪፖርት ግድ የለውም» አለ። ይህን ችዬው ነበር። ከዚያ ብርሃነሽ እጇን አወጣች።

«እኔ በግል ቂም የለኝም» አለች። «ግን መድረኩ ላይ እውነት ይነገር ከተባለ፣ ደካ ለመስክ በሄድንበት ጊዜ ጓድ ይመር በሥራ ሰዓት ጠጥቶ ምላሱ ይተሳሰር ነበር። አርሶ አደሮቹ ፊት አፍሬያለሁ።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። አቶ ጌታሁን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ።

«ጓድ ይመር፣ ተነሥ። ሂሱን ትቀበላለህ ወይስ ትክዳለህ?»

ተነሣሁ። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ግን የምናገረው በጭንቅላቴ ውስጥ ተሰልፎ ነበር፦ «በመጀመሪያ ደረጃ፣ የዚያን ቀን ጠጅ አልቀመስኩም፤ ምስክሬ ሊቀ መንበሩ ነው።» ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«በመ…» አልኩ። «በመደ… በመ…»

ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። አእምሮዬ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ይሰጣል፣ አፌ አይቀበለውም። ከኋላ ያለው ወንበር ላይ አንዱ ሳቁን ለቀቀው። ሌላው ተከተለ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

አቶ ጌታሁን ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «ይኸው! ማስረጃ ፍለጋ ምን አደከመን? ራሱ ይዞት መጣ!»

«ጠዋትም ጀምሮታል ማለት ነው!» አለ አንዱ።

አይደለም ለማለት ቀኝ እጄን ላነሣ ፈለግኩ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተና የአምቦ ውኃውን ጠርሙስ ገፍቶ ጣለው። ጠርሙሱ ተሰበረ። ሳቁ ጨመረ። ቀኝ እግሬ ከሥሬ ከዳኝና ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ተውት ይቀመጥ» አለ አቶ ጌታሁን። «ሲበርድለት ይመለስበታል። ቀጣይ ተገምጋሚ!»

ቀጠሉ፤ ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው አጠገባቸው አንጎሉ በደም ጥማት እየሞተ እነሱ ቀጣዩን ሰው አስነሥተው ስለ ሰዓት አለማክበሩ ገመገሙት። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን አንገቱን እንደደፋ አውቃለሁ። ምራቄ በአፌ ጥግ ወርዶ ሸሚዜን ሲያርሰው አውቃለሁ። ልጠርገው አልቻልኩም። ጮኼ «እየሞትኩ ነው» ማለት ፈለግኩ፤ ውስጤ ጮኸ፤ ከአፌ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ። እንዳልነካው ተጸይፎ ነው።

የሻይ ዕረፍት ሆነ። ሰዉ እየተንጋጋ ወጣ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ቤትህ ሄደህ ተኛበት» ብሎኝ አለፈ።

ብርሃነሽ ወደ እኔ መጣች። ሳስበው ልትታረቀኝ ነበር አመጣጧ።

«ይመር፣ ከፍቶህ ከሆነ… እኔ እኮ…» ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ቆመች። ጎንበስ አለች። አፌን አሸተተች። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይመር፣ ስሜን ጥራ።»

«በመ…»

«ያሮ!» አለች። በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ ፈጣሪ ማለት ነው። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ ጮኸች፦ «መጠጥ አይሸትም! ሰውዬው አልጠጣም! አፉ ተጣሟል! አባቴ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው! ኑ አንሡልኝ!»

አቶ ጌታሁን የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተመለሰ። «ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ ረጋ በይ። ድርጊቱን አንቺው ነሽ ያጋለጥሽው፤ አሁን ደግሞ…»

«ተሳስቼ ነው! መኪና ስጡን!»

«መኪናው ለእንግዶች ተመድቧል። ግምገማው ደግሞ አላለቀም። መድረክ ረግጦ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ።»

«እሱን በኋላ ገምግሙኝ!» አለችው። «አሁን እግሩን ያዝ!»

አልያዘም። የያዙት ዘበኛውና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። በዝናቡ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ አወጡኝና ባጃጅ አስቆሙ። ባጃጁ ውስጥ ብርሃነሽ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በየጉድጓዱ ስንዘል እየያዘችኝ፣ «እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔው ነኝ፣ ይቅር በለኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ጠላኋት። እያዳነችኝ ጠላኋት። ዝም በይ ልላት ፈልጌ አልቻልኩም፤ ያም ጨምሮ አናደደኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ግፊቴን የለካው ልጅ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ አስመጣ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ከዚያ ሩጫ ሆነ። አስቴር ከክፍል ወጥታ እየሮጠች መጣች፤ እጇ ላይ ጠመኔው አለ። ወሬው ግን ቀድሟት ደርሶ ኖሮ አንዲት አስታማሚ ለጎረቤቷ «ሰክሮ ነው አሉ» ስትል ሰማቻት።

«ማነው ያለው?» ብላ ዞረች አስቴር። ጸጥተኛ ሴት ናት፤ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «ማነው ያለው? ባሌ ጠዋት ሻይና ዳቦ በልቶ ነው ከቤቴ የወጣው! ሰካራም ያለው ሰው ፊቴ ይምጣ!»

ብርሃነሽ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አንገቷን ደፋች።

አስቴር ከዚያ እኔ ላይ ተደፋች። «ይመር፣ አናግረኝ። አስቴር በለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

የሚስቴን ስም አውቀዋለሁ። ፊደሎቹ ይታዩኛል። የወጣው «በመ» ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ በአንድ ዓይኔ ብቻ ያለቀስኩ ይመስለኛል።

ሐኪሞቹ የደም ሥር ተዘግቶ ይሁን ደም ፈስሶ ለማወቅ የጭንቅላት ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ጅማ ነው አሉ። ያደረሰን ጋሽ ኑርዬ ነው። ጋሽ ኑርዬ ቦንጋ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው ያገሬ የወሎ ሰው ነው። ሱቁን እንደተከፈተ ለጎረቤት ትቶ ፒክአፑን አመጣ፤ ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎ ሸራ ተወጠረ፤ አስቴር ከእኔ ጋር ተኛች። በየመታጠፊያው ከፊት «አለ?» ይላል ጋሽ ኑርዬ። «አለ» ትላለች አስቴር። ጅማ እስክንገባ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ጅማ የደም ሥር መዘጋት ነው ተባለ። በነጋታው አንዲት ወጣት ዶክተር ፎቶውን ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። አስቴር ሐኪም ስታይ ቀድማ የጠየቀቻትን አልረሳውም።

«ዶክተር፣ ስብሰባ ላይ አናደውት ነው አይደል?»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አይደለም እትዬ። ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው። ንዴት የዚያን ቀን ግፊቱን ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። በሽታው ግን የተሠራው በዚያ ቀን አይደለም።»

«ታዲያ መቼ?»

«ባለፉት ዓመታት ሁሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እንደምሰማ የተረዳች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። «ጋሼ፣ ይስሙኝ። ደምዎ በየቀኑ፣ ተኝተውም ሳለ፣ ከሚገባው በላይ በኃይል የደም ሥርዎን ግድግዳ ሲመታ ኖሯል። የደም ሥር ውስጡ ለስላሳ ነው። ሲመታ ሲመታ ይሻክራል፣ ይቆስላል። የቆሰለው ላይ ስብ ይለጠፋል። ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ሲጋራው ደግሞ ያባብሰዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም። በመጨረሻ የሻከረው ቦታ ላይ ደም ይረጋና ይዘጋዋል። የእርስዎ የተዘጋው በግራ በኩል፣ ንግግርንና ቀኝ እጅን የሚያዘው ጋ ነው። ልብዎም ቢሆን ያንን ግፊት ተቋቁሞ ደም ለመርጨት ሲታገል ጡንቻው ወፍሯል። ልክ እንደዚህ አንገት ላይ፣ ኩላሊት ላይ፣ ዓይን ላይም ይሠራል።»

«ቀጭን እኮ ነው» አለች አስቴር።

«ስብ የሚለጠፈው ከውስጥ ነው እትዬ። ቦርጭ አይጠይቅም።» ከዚያ «ከዚህ በፊት ለአጭር ጊዜ እጁ የዛለበት ወይም ምላሱ የተሳሰረበት ቀን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አስቴር «የለም» አለች። እኔ ግን በግራ እጄ አልጋውን መታሁ። መታሁ፣ መታሁ። ደካ! ደካ! ደካ! ዶክተሯ ገባት። «ነበረ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያን ጊዜ መምጣት ነበረበት።»

እዚህ ላይ ምን እንዳልተናገርኩ ልጻፈው። ያ ቀን ማስጠንቀቂያዬ ነበር። እሱንም ወስደው ክስ አደረጉብኝ።

ቦንጋ ተመልሼ ቤቴ ተኝቼ ሳለ አቶ ጌታሁን ሊጠይቀኝ መጣ። ሙዝና ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው። አብረውት ሁለት ሰዎች አሉ። አስቴር ወንበር ሰጠቻቸው፤ የአገሩ ወግ ነውና ቤቷ የመጣ ሰው ይስተናገዳል። ብርሃነሽም እዚያ ነበረች፤ ከዕለቱ ጀምሮ ከሥራ መልስ እየመጣች ከአስቴር ጋር ታገላብጠኝ ነበር። አላባረርኳትም፣ ዓይኗንም አላየሁም።

«እግዚአብሔር ይማርዎት፣ አቶ ይመር» አለ አቶ ጌታሁን። እርስዎ ተመልሶ መጣ። «ሁላችንም በጣም ደንግጠናል። ግን እርስዎም ቁጡ ነዎት። ንዴት ነው የጣለዎት። ሂስን ዋጥ ማድረግ ለጤናም ጥሩ ነው።»

አስቴር ከንፈሯን ነከሰች።

«የግምገማውን ውጤት በተመለከተ» ብሎ ቀጠለ፣ «ሌላ ቀን ብነግርዎት ይሻል ነበር፤ ከሰው ከሚሰሙ ብዬ ነው። መድረኩ ሐ ነው የሰጠው። ያው የዕለቱ ሁኔታ… አዳራሽ ውስጥ የታየው ነገር በቃለ ጉባኤ ስለተያዘ ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው።»

ብርሃነሽ ብድግ አለች። «አልጠጣም! የተናገርኩትን አነሣሁ ብዬሃለሁ፣ ለምን አላረማችሁም?»

«የአንቺም ጉዳይ ይታያል» አላት፣ እሷን ሳያይ። «መድረክ ረግጠሽ የወጣሽበት።»

በዚያች ቅጽበት ከሆዴ የተነሣ ነገር ደረቴን አልፎ ጉሮሮዬ ደረሰ። አላሰብኩትም፣ አልፈለግኩትም፣ ፊደሉን አልደረደርኩም።

«ውጣ!» አልኩ።

 አቶ ጌታሁን ያልሰማ መስሎ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ውጣ! ውጣ! ውጣ!»

አስቴር ጮኸች፤ የደስታ ጩኸት ነበር። በካፊኖኖ ወደ ውጭ ጎረቤት ተጣራች። ብርሃነሽ በሩን ከፈተችለት። ሙዙንና ብርቱካኑን መልሳ እጁ ላይ ጫነችበት። እኔ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አላቋረጥኩም፤ ከወጣም በኋላ «ውጣ» እላለሁ፤ ሌላ ቃል ስላልነበረኝ። ለሳምንታት ውኃ ሲጠማኝ «ውጣ»፣ ልጄን ስጠራ «ውጣ» ነበር ቃሌ። በኋላ ለክትትል ጅማ ስመለስ ዶክተሯ በቁጣ ጊዜ የሚወጣ ቃል ከሌላው ንግግር ተርፎ እንደሚገኝ ነገረችኝ።

ከዚያ ብዙ ወራት ፈጀ። «አስቴር» ለማለት የበቃሁት ክረምቱ ሲወጣ ነው። እግሬ ተመለሰ፤ ይጎተታል እንጂ ይሄዳል። ቀኝ እጄ ግን አልተመለሰም። ሥራዬን በጤና ምክንያት ተሰናበትኩ፤ ቃለ ጉባኤው እስከ ዛሬ አልታረመም። ብርሃነሽ ከደረጃዋ ዝቅ ብላ ወደ ወረዳ ተመደበች። ይቅር ብያታለሁ ወይ ብትሉኝ፣ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን፣ ዘነበ አልዘነበ እያልን ስናወራ እንደ ድሮው እየሳቅኩ እንደሆነ አስተዋልኩ፤ ይህ ይቅርታ ከሆነ እንግዲህ ይቅር ብያታለሁ። አቶ ጌታሁንን ግን ይቅር አላልኩም። ካህን መክሮኛል፣ ሽማግሌ መጥቶብኛል። አላልኩም።

አሁን እናንተን የማናግረው ስለ እነሱ አይደለም። ስለዚያች «ንዴት ነው» ስለምትባል ቃል ነው። ይህች ቃል ሰው ትገድላለች። ወሎ ያለው ታላቅ ወንድሜ በስልክ «አንተ ድሮም ቁጡ ነህ፣ እኔ ሰላማዊ ሰው ስለሆንኩ አይነካኝም» አለኝ። አያችሁ? ተናዳጅ ያልሆነ ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። ቀጭን ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። ያላመመው ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ «ድንገት ነው» እንላለን። ድንገት የሚባል ነገር የለም! ለዓመታት በዝምታ ሲቆስል፣ ሲጠብ፣ ሲደርቅ የኖረ ነገር የታየበት ቀን ብቻ ነው ያለው። ሰዉን የገደለውን ነገር ሳናውቅ ቀብረን እንመለሳለን፤ እኛም ውስጥ ያው ነገር ሥራውን ይቀጥላል።

በቅርቡ እዚሁ ቦንጋ አንድ አስተማሪ ሞተ። ገና ጎልማሳ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን «ርዕሰ መምህሩ አናዶት ነው» ሲባል ሰማሁ። አስቴር እጄን ያዘችኝ፤ ታውቀኛለች። ተነሣሁ።

«ከእናንተ ውስጥ የተለካ ማነው?» አልኩ።

«ይመር፣ ለቅሶ ነው» አሉኝ።

«ለቅሶ መሆኑን አውቃለሁ። ነገ ለሌላ እንዳንቀመጥ ነው። የተለካ ማነው?»

ምላሴ ይጎተታል፤ ስናደድ ደግሞ ይብስበታል። አንዱ ልጅ ሰክሬ መስሎት አጠገቡ ያለውን በክርኑ ነካው። አየሁት። ድሮ ቢሆን አንገቴን እደፋ ነበር። አልደፋሁም። የሟቹ ወንድም ብድግ ብሎ «ወንድሜን በቀበርኩ ማግሥት እንዲህ ይሉኛል?» ብሎ ተቆጣኝ። «አንተን ነው የምለው» አልኩት። «አንድ እናት ነው ያላችሁ፣ አንድ ቤት ነው የበላችሁት። ሂድ ተለካ።» አስቴር ጎትታ አወጣችኝ። ሰዉ ሁሉ ነውረኛ አለኝ።

ከቀናት በኋላ ያ ሰው በሬን አንኳኳ። አልተቀመጠም።

«ተለካሁ» አለ።

«እ?»

«ከፍ ብሏል አሉኝ። መድኃኒት ሰጡኝ።» ዓይኑ ቀልቷል። «ግን በድንኳኑ ያዋረዱኝን ውርደት አልረሳውም። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።» ዞሮ ሄደ። ሰላም እንኳን አላለኝም።

ይጥላኝ። እስኪያረጅ ድረስ ይጥላኝ። ብቻ ያቺን ኪኒን ጠዋት ጠዋት ይዋጣት።